የልደታ ንፍሮና የእማማ ሽታዬ ጥርስ

ጡረታ ወጥቼ የተሸኘሁ ዕለት በጥርስ ክሊኒካችን ላብራቶሪ ክፍል ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሰላማዊት፣ ካርድ ክፍል የምትሠራው ትዕግሥት፣ ጥበቃው አቶ ዘለቀ፣ አዲሱ የላብራቶሪ ባለሙያ ብሩክ፣ ልጄ ማህሌት፣ እና ጋሽ አሰፋ። ጋሽ አሰፋ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በከዘራ እየተደገፉ መጥተው በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጡ። ከእነዚህ ሌላ፣ መደርደሪያው ላይ በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ሙሉ የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። ባለቤቱ አልመጡም። እኔ ግን እሱንም ከነበሩት እቆጥረዋለሁ።

ኬክ ተቆረሰ፤ ዶክተር ሰላማዊት ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገሩልኝ፤ ትዕግሥት ነጠላ አለበሰችኝ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ብሩክ ለአዲሱ ማሽን ቦታ ሊያስለቅቅ መደርደሪያውን ሲያነሣሣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ያዘና፣

«ማዘር፣ ይሄን ምን ላድርገው? የማን ነው?» አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ አሰፋ ቀና ብለው፣ «ቀስ ብለህ አስቀምጠው ልጄ» አሉት።  ብሩክ ግራ ገብቶት አስቀመጠው። በዚያ ግርግር መሃል ነገሩን በወጉ ልነግረው አልቻልኩም። አሁን ቤት ስለዋልኩ ለእሱም ለሌላውም እንዲሆን እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ፊደሉን ማህሌት ታርምልኛለች።

እዚህ ሥራ የገባሁት በጽዳት ነው። መጀመሪያ ጠመንጃ ያዥ አካባቢ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች፤ እዚያ የነበሩት አለቃዬ ሳሙና ባለቀ ቁጥር እኔ የበላሁት ይመስል የሚያፈጡብኝ ሰው ነበሩ። ክሊኒኳ ስትዘጋ ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወዳለው ወደዚህኛው መጣሁ። ያን ጊዜ ባለቤቱ የዶክተር ሰላማዊት አባት ነበሩ። ድምፃቸው ያስደነግጣል፣ ልባቸው ግን ቅቤ ነበር፤ ጠዋት ከጮኹብኝ ከሰዓት በኋላ «ይሄን ለልጅሽ» ብለው ሙዝ ያስይዙኛል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ቀኑን አያሳልፍም ነበር።

ላብራቶሪው ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር በምንጋራው ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። ጋሽ አሰፋ ብቻቸውን እዚያ ተቀምጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠሩ ነበር። የእኔ ድርሻ ወለሉን ጠርጎ ዕቃ ማጠብ ነበር። አንድ ቀን ጀሶ የተረፈበትን ሳህን ሳላጥብ አስቀምጬ አዩኝ።

«ይሄ ለምን አልታጠበም?»

«ጋሼ፣ ሳይደርቅ ባጥበው ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። ሲደርቅ ፈርክሼ እደፋዋለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ነው።»

ሳቁ። «እኔ እኮ የሚፈራ ሰው ነው ያጣሁት፤ ጀሶ የሚያበላሸው ደፋር ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጀሶ ማቡካቱን ለእኔ ሰጡኝ።

መፍራቴ እውነት ነው። ሥራ ጨርሼ፣ ታክሲ ተሳፍሬ ጠመንጃ ያዥ ከደረስኩ በኋላ «ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን?» ብዬ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። አንድም ቀን ሳይጠፋ ቀርቶ አላገኘሁትም። እንደዚያም ሆኖ መመለሴን አልተውኩም።

ጋሽ አሰፋ ስለ ዕቃዎቹ ሲናገሩ ስለ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ስለ እያንዳንዱ ጠባይ ይነግሩኛል። ጀሶ ወደ ውሃው ይነሰነሳል እንጂ ውሃ በጀሶ ላይ አይፈስም። ውሃውን እስኪጠጣ ይጠበቃል፤ ከዚያ አየር እንዳይገባው ቀስ ተብሎ ይማሰላል። ሲጠነክር እሳት ሳይነካው በራሱ ይሞቃል። መጀመሪያ የሞቀብኝ ቀን አንድ ነገር ያጠፋሁ መስሎኝ እጄን ሰበሰብኩ። «ተይው፣ ሥራ ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ አንስተው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። ሙቀቱ መጥቶ ካለፈ ጠንክሯል ማለት ነው። «በእጅዎ ለምን አያዩትም?» ብላቸው፣ «እጃችን በሥራ ደንዝዟል፤ ጉንጭ አይዋሽም» አሉ። እኔም ለመድኩ። ጉንጬ ላይ ነጭ እንደተለጠፈብኝ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ሰው ዱቄት የተቀባሁ እየመሰለው ያየኝ ነበር።

ጥርሶቹ መጀመሪያ የሚደረደሩበት ሰም ደግሞ ቂመኛ ነው ይሉ ነበር። በወጉ ሳይሞቅ በጉልበት ካጎበጥሽው ለጊዜው እሺ ይልሻል፤ አስቀምጠሽው ስትመለሺ ወደ ድሮው ቅርፁ ሄዷል፤ የተደረደሩትንም ጥርሶች ይዟቸው ሄዷል። ስለዚህ ሰምን ማሞቅ፣ ማባበል፣ ከዚያ መቅረጽ ነው።

ሐኪሞቹ የአፍ ልክ የሚወስዱበት ያ ለስላሳ ነገር መዘግየት አይወድም። ከአፍ እንደወጣ ውሃው ይሸሸዋል፣ ይኮማተራል፤ ጥርሱም በዚያው ልክ ይጠብባል። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ተቀብዬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ ይዤ ግቢውን አቋርጬ እሮጣለሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አልማዝ ደጃፏ ላይ ሆና፣ «ዛሬ ደግሞ የማንን ልጅ ነው ያቀፍሽው ጥሩዬ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ አክሪሊክ ነበር፤ ድዱን መስሎ ጥርሶቹን የሚይዘው ሮዝ ነገር። ዱቄትና ፈሳሽ ነው። ሲቀላቀል መጀመሪያ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሆናል፤ ቀጥሎ እንደ ማር ይጎተታል፤ በመጨረሻ እንደ ሊጥ ከዕቃው ግድግዳ ይላቀቃል። ያን ጊዜ ነው የሚታሸገው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይሆንም። የፈሳሹ ሽታ ከልብስ አይለቅም። ለልጄ ይጎዳታል ብዬ ልብሴን ሳልቀይር አላቅፋትም ነበር። ማህሌት ደጅ ላይ ቆማ፣ «እማዬ ቶሎ ቀይሪ፣ ጥርስ ጥርስ ትሸቺያለሽ!» ትለኛለች።

የታሸገው አክሪሊክ ከጀሶው ቅርፅ ጋር፣ በብሎን ጠብቆ በሚታሰር የነሐስ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በውሃ ይቀቀላል። ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። ከቀዝቃዛ ውሃ ተነሥቶ በጣም ቀስ እያለ መሞቅ አለበት፤ ሲጠነክር የራሱንም ሙቀት ይጨምራልና። እሳቱ ከተቻኮለ እዚያው ውስጡ ይፈላና ወፍራም ወፍራሙ ቦታ እንደ ዳቦ ዓይን ያወጣል። እንዲህ ያለ ጥርስ ደካማ ነው፤ ምግብ ይይዛል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ካለቀም በኋላ ደረቅ ቦታ አይቀመጥም፤ ውሃ ካጣ ይኮማተራል፣ ቅርፁን ይለቃል። ጋሽ አሰፋ እያንዳንዱን ጥርስ ለባለቤቱ ከመስጠታቸው በፊት ውሃ ውስጥ ያሳድሩት ነበር። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከጀሶው የአፍ ቅርፅ ሁልጊዜ መንታውን ይሠራሉ፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለክፉ ቀን። በሁለቱም ላይ የባለቤቱን ስም በምስማር ይጭሩበታል። «ሥራ» ወይም «ዕቃ» አይሉም ነበር፤ «የእማማ እገሌን አቀብይኝ» ነው የሚሉት።

እማማ ሽታዬ የመጡት ማህሌት አንደኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ስምረት የምትባለውን የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። የስምረት እናት ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በኋላ ግን የአባቷ ዘመዶች ልጅቷን እንውሰድ ብለው ከሰሱ። ነገሩ እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት ተይዞ ነበር።

«ባለፈው ቀጠሮ ተናገሪ ተባልኩ» አሉን እማማ፤ በባዶ የላይኛው ድድ እየተኮላተፉ፣ አፋቸውን በነጠላ እየሸፈኑ። «ተናገርኩ። አልገባንም፣ ይድገሙት አሉኝ። ደገምኩ። ወዲያው የእነዚያ ወገን ተነሥቶ፣ እንዳያችሁት አሮጊቷ ደክማለች፣ አእምሮዋም ልክ አይደለም፣ እንዴት ልጅ ታሳድጋለች አለ። እኔ አእምሮዬ ምንም አልሆነም። ጥርስ ነው ያጣሁት።»

ጋሽ አሰፋ ሥራቸውን አስቀምጠው ሰሙ። ከዚያ፣ «ቀጠሮው መቼ ነው?» አሉ።

«የልደታ ማግሥት።»

ጋሽ አሰፋ ወደ እኔ ዞሩ። ጊዜው ጠባብ ነበር፤ ግን ይደርስ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅቷን አየኋት፤ የማህሌት እኩያ ናት። የእማማን ልክ እንደጠቀለልኩት ተጠንቅቄ በሕይወቴ ጠቅልዬ አላውቅም። ግቢውን ስሻገር ወይዘሮ አልማዝ እንኳ ፊቴን አይታ አልቀለደችብኝም።

ጥርሶቹ በሰም ተደረደሩ፣ ተሞከሩ፣ ጥሩ ሆኑ። የቀረው መቀቀሉ ብቻ ነበር፤ እሱም የልደታ ዕለት ላይ ወደቀ። እኩለ ቀን ላይ አክሪሊኩን አሽገን ሣጥኑን ምድጃው ላይ ልንጥድ ስንል መብራት ጠፋ። ጠበቅን፤ አልመጣም። ቡታጋዙ ባዶ ነበር፤ ሱቆቹ ለበዓሉ ተዘግተዋል። ጋሽ አሰፋ ወደ ውጭ ወጡ። ግቢው መሃል ሴቶቹ ጉልቻ ጎልተው፣ በትልቅ ጎላ የልደታን ንፍሮ እየቀቀሉ ነበር።

«አልማዝ፣ ጥግ ላይ ለአንዲት ድስት የሚሆን እሳት ስጪኝ» አሉ።

«ምን ልትቀቅሉባት ነው ጋሼ?»

«ጥርስ።»

«ወይ ልደታ! ንፍሮው ቢጠነክር ማኘኪያው ጎኑ አለላችሁ!» አለች፤ ግቢው በሳቅ አወካ። ለማን እንደሆነ ስነግራት ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «በሉ አምጡት፣ በበዓሏ ቀን እንዴት እምቢ እላለሁ» አለች።

የእንጨት እሳት እንደ ምድጃ መጠኑን አዙረው አይቀንሱትም። ጋሽ አሰፋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፍሙን እየቆነጠሩ ያወጣሉ፣ መልሰው ያስጠጋሉ፤ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ያያሉ። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። በጣም ጥሩ እየሄደ ነበር። ውሃው ለጣት ማቃጠል ሲጀምር፣ ዋናው የጥንቃቄ ሰዓት ደረሰ። ልክ ያን ጊዜ ንፍሮው በሰለ።

ንፍሮ ሳይመረቅ አይቀመስም። በግቢው ከነበሩት ወንዶች ትልቁ ጋሽ አሰፋ ናቸው። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቃቸው። እምቢ ማለት አይቻልም፤ እሳቸውም እምቢ የሚሉ ሰው አይደሉም። ፍሙን ገፋ አድርገው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልደታ ማርያም የዓመት ሰው ትበለን።»

«አሜን!»

«የታመመውን ትማርልን፤ የራቀውን ታቅርብልን።»

«አሜን!»

በዚህ መካከል ወይዘሮ አልማዝ የጥርሱ ድስት እሳት የጎደለው መሰላት። የእማማ ነገር አንጀቷን በልቷት፣ ቶሎ ይድረስላቸው ብላ፣ በደግነቷ ሁለት ደረቅ እንጨት ከሥሩ ሰደደች። እሳቱ ተንቦገቦገ። እኔ ከድስቱ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። የድስቱ ክዳን መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ መዝለል ጀመረ። ንፍሮውን ከምትጠብቀው ከአልማዝ በቀር ምርቃት መሃል ሰው አይንቀሳቀስም፤ እጃችን ተዘርግቷል፣ አንገታችን ተደፍቷል። ሁሉም አሜን ሲል እኔ በሆዴ «ይብቃ፣ ጋሼ ይብቃ» እል ነበር። እሳቸውም ክዳኑን እንደሰሙ አውቃለሁ፤ ጉንጫቸው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ግን ሊያሳርጉ ሲሉ እማማ ትዝ አሏቸው መሰለኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ።

«ነገ ችሎት ለሚቆሙት እናት አንደበት ስጪያቸው። አፋቸውን ክፈቺላቸው። ልጃቸውን ከጉያቸው አታውጪባቸው።»

«አሜን! አሜን! አሜን!»

ከሁሉ ረጅሙ ምርቃት ይኼ ነበር። ሲያበቁ ድስቱ በአረፋ ገንፍሎ እሳቱን ግማሹን አጥፍቶት ነበር።

ማንም ማንንም አልተቆጣም። ሣጥኑን አውጥተን እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ ሲመሻሽ ከፈትነው። ጋሽ አሰፋ ጀሶውን ፈልፍለው አወጡትና ወደ ብርሃኑ ይዘውት ወጡ። ላንቃው ላይ፣ ወፈር ያለው ቦታ፣ ነጫጭ አረፋ ሞልቶበታል። ወይዘሮ አልማዝ ንፍሮ በሰሃን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አይታ ገባት። ሰሃኑን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጋሽ አሰፋ ንፍሮውን ዘግነው በሉላት። «ሰባት ጊዜ ብትሰጪኝ ሰባት ጊዜ እበላለሁ» አሏት። ከዚያ ተቀምጠው የሚለሰልሰውን ማለስለስ ጀመሩ።

ጠዋት እማማ ከስምረት ጋር መጡ። ንጹሕ ነጭ ለብሰዋል። ጋሽ አሰፋ አልዋሿቸውም።

«እማማ፣ ይህ ጥርስ አልሆነልኝም። እሳት በዝቶበት ደካማ ሆኗል። ለዛሬ ለመናገር ብቻ ነው፤ ምንም እንዳያኝኩበት። ነገ ይመለሱ፤ ሌላ፣ ጥሩ አድርጌ እሠራለሁ።»

«ዛሬን ከተናገርኩበት ነገ ቢሰበርም ይሰበር ልጄ» አሉ።

አስገቡላቸው። ጋሽ አሰፋ «ስ» ጠርቶ መውጣቱን ለማየት ሰውን ሁሉ «ስድሳ ስድስት» እያሰኙ ነበር የሚሞክሩት። እማማ ግን ያን አላሉም። ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «ስምረት» አሉ፤ ጥርት አድርገው። «ስምረት ልጄ ናት። ያሳደግኋት እኔ ነኝ።» እያንዳንዱ ቃል ተሰማ። ልጅቷ አፏን ይዛ፣ «እማማ፣ ወጣት ሆንሽ!» ብላ ሳቀች። እሷን ተከትለን ሁላችንም ሳቅን። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ፍርድ ቤቱ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ጋሽ አሰፋ በዚያው ቀን ከመንታው ቅርፅ አዲሱን ጀመሩ። መብራት መጥቶ ነበር፤ በቀስታ ቀቀሉት፣ ባለበት ውሃ ውስጥ ቀዘቀዘ። አንድ አረፋ የሌለው፣ እንደ መስታወት የጠራ ሆኖ ወጣ። ብርጭቆ ውስጥ አድርገን ማግሥቱን ጠበቅን። እማማ አልመጡም። ሳምንቱ አለቀ። ጋሽ አሰፋ ሰው በገባ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።

እኔ አላስቻለኝም። የጥርሱ ስብራት አፋቸውን አቁስሏቸው ይሆን፣ ችሎት ፊት ተሰብሮባቸው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜ እማማ ይኖሩ የነበሩበትን፣ ጠመንጃ ያዥ ጀርባ ያሉትን ቤቶች ዞሬ ጠየቅሁ። አንዷ ጎረቤት፣ «አገራቸው ገቡ» አለችኝ። «ከልጅቷ ጋር?» አልኳት። «እኔ ስደርስ ሻንጣ ሲጫን ነው ያየሁት፤ ሰውየው ነው የሚያውቀው» ብላ ሌላ ጎረቤት ጠቆመችኝ። እሱ ደግሞ፣ «ልጅቷ? የአባቷ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም የወሰዷት… ወይስ ያቺ ሌላዋ ናት?» አለ። ቆይቶ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ሰዉ በየአቅጣጫው ኮንዶሚኒየም ሄደ። የምጠይቀው ሰው አለቀ።

ጋሽ አሰፋ ከዚያ በኋላም ብዙ ጥርስ ሠርተዋል፤ እኔም በእጃቸው ሥር ብዙ ተምሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። በግቢው ሲመርቁ ዓይናቸውን መጨፈን ተዉ። ወይዘሮ አልማዝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ የተጣደ የለም፣ ጨፍነው ይመርቁን» ትላቸው ነበር።

አሁን ብሩክ የአፍ ልክ በካሜራ ይወስዳል፤ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚሮጥ የለም። ጥሩ ነው፣ ብዙ ጭንቀት ቀርቷል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ የሠራውን ጥርስም ሁሉ ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ በብርሃን ያያል። ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁትም።

በተሸኘሁ ዕለት ሰዉ ሲበታተን ጋሽ አሰፋ ብርጭቆውን አምጪልኝ አሉ። ጥርሱን ከውሃው አውጥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ወደ ብርሃኑ አደረጉት።

«አረፋ የለውም» አሉ።

«የለውም ጋሼ።»

«ግን አይገጥማቸውም እኮ ጥሩዬ። ድድ ይሸሻል። ጥርስ ይጠብቃል፣ አፍ አይጠብቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ውሃ ትቀይሪያለሽ?»

«ቢደርቅ ይጣመማላ።»

 ከዚያ መልሰው ውሃው ውስጥ አስገቡት፤ ብርጭቆውን ለማህሌት ሰጧትና፣ «እናትሽ ታክሲ ውስጥ እንዳታፈሰው አንቺ ያዥው» አሏት። አሁን እቤቴ መስኮት ላይ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው እማማ ሽታዬን ያውቃቸው ይሆናል። ድሮ ጠመንጃ ያዥ ጀርባ ይኖሩ ነበር፤ አጭር፣ ጠይም፣ ሲናገሩ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ስምረት ዛሬ የእኔ ማህሌት እኩያ፣ ትልቅ ሴት ናት። ጥርሱን ኑና ውሰዱ ማለቴ አይደለም። ስምረት ያደገችው ከአያቷ ጋር ነው ወይ? የሚያውቅ ካለ ለክሊኒኩ ጥበቃ ለአቶ ዘለቀ ይንገረው፤ እሱ ለእኔም ለጋሽ አሰፋም ያደርስልናል።